ጠማማ ጣውላ የሚያቃና ሐዲድ

የራውተር ተንሸራታች ከግንድ በቁመቱ የተሰነጠቀ ሰፊና ወፍራም ጣውላን በቤት ለመላግ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ጣውላው የሚተኛበት መደብ ነው። ሁለተኛው ከመደቡ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለት ትይዩ ሐዲዶች ናቸው። ሦስተኛው በሐዲዶቹ ላይ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚንሸራተት፣ ክዳን የሌለው ረጅም ሳጥን ነው። ራውተሩ በዚህ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ብቅ ባለው ቢላ ጣውላውን ከላይ እየላገ ይመላለሳል። እዚህ ላይ ራውተር የሚባለው ኢንተርኔት የሚያሰራጨው ዕቃ አይደለም። በእጅ የሚያዝ፣ ቢላውን በደቂቃ ከ8,000 እስከ 25,000 ጊዜ ገደማ የሚያሽከረክር የአናጺ ማሽን ነው።

ይህ መሣሪያ የሚያስፈልገው ሌሎቹ ማሽኖች ስለሚጠቡ ነው። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መላጊያ በአንድ ጊዜ የሚልገው አብዛኛውን ጊዜ 82 ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ነው። ለቤት የሚሸጡት ውፍረት አስተካካይ ማሽኖች ደግሞ ከ30 እስከ 33 ሴንቲሜትር የሚሆን ጣውላ ብቻ ያስገባሉ። ለምግብ ጠረጴዛ የሚታሰብ የግንድ ጣውላ ግን 60፣ 80፣ አንዳንዴም 90 ሴንቲሜትር ይሰፋል። በእጅ መላጊያ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ጉልበትና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ተንሸራታቹ ከትርፍራፊ እንጨት ሊሠራ ይችላል፤ የስፋት ገደቡም የሐዲዶቹ ርቀት ነው።

አሠራሩ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል። ቢላው ራሱ ቀጥ ያለውንና የጎበጠውን አይለይም፤ የሐዲዶቹን መልክ ወደ እንጨቱ ይገለብጣል። ሐዲዱ 2 ሚሊሜትር ከጎበጠ ጣውላው 2 ሚሊሜትር ይጎብጣል፤ ሐዲዶቹ ከተጠማዘዙ ጣውላውም ተጠማዞ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ትልቁ ጊዜ የሚውለው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፣ በመለካትና በማስተካከል ላይ ነው።

ጣውላ ለምን ይጣመማል

የቆመ ዛፍ ውሃ የተሞላ ነው። ከተቆረጠ በኋላ መጀመሪያ በቃጫው ክፍተት ውስጥ ያለው ነፃ ውሃ ይወጣል። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ ቅርጹን አይለውጥም። የእርጥበቱ መጠን ከደረቅ ክብደቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ከራሱ ከቃጫው ግድግዳ ውስጥ ውሃ መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም መኮማተር የሚጀምረው ያኔ ነው።

መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከግንዱ መሃል ወደ ልጡ በሚሄደው አቅጣጫ ጥቂት ይኮማተራል፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ይኮማተራል። የጣውላው ሁለት ፊቶች ከግንዱ መሃል እኩል ስለማይርቁ አንዱ ፊት ከሌላው ይበልጥ ይሰበሰባል። ውጤቱም እንደ ገበታ መጎድጎድ፣ እንደ ቀስት መጉበጥ ወይም እንደተጨመቀ ጨርቅ መጠማዘዝ ነው። በጉጥ አካባቢና ቅርንጫፍ በተከፈለበት ቦታ ቃጫው አቅጣጫውን ስለሚቀይር መጣመሙ ይብሳል።

ከዚህ አንድ ግልጽ ደንብ ይከተላል፤ ያልደረቀ ጣውላ አይላግም። ዛሬ እንደ መስታወት ቢስተካከል ከወራት በኋላ መልሶ ይጣመማል። አናጺዎች በአየር ለሚደርቅ እንጨት የሚጠቀሙበት ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አየሩ ጠባይ ግን ያጥራል ወይም ይረዝማል። ጣውላው በሚደርቅበት ጊዜ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ እኩል ውፍረት ያላቸው እንጨቶች ተደርገውለት፣ ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ በማያገኘው ነፋሻ ቦታ ይቀመጣል። ሁለቱ ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ይቀባሉ፤ ውሃ ከተቆረጠ ጫፍ በጣም ፈጥኖ ስለሚወጣ ያልተቀባ ጫፍ ይሰነጠቃል።

መድረቁን ለማወቅ የእርጥበት መለኪያ ያለው ይለካል። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆን እርጥበት ተስማሚ ነው። መለኪያ ለሌለው ሚዛን ይበቃል። ጣውላው በየሁለት ሳምንቱ ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያም ዕቃው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ይመረጣል።

የእንጨቱ ምንጭም አብሮ ይታሰባል። ዋንዛ ለመላግ የሚመች፣ ቀለሙም የሚያምር እንጨት ነው፤ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶም በአናጺ ዘንድ ይፈለጋሉ። ይሁን እንጂ እነዚህን አገር በቀል ዛፎች መቁረጥ በኢትዮጵያ በሕግ የተገደበ ስለሆነ ጣውላው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆኑ መጣራት አለበት። በግቢ ውስጥ የወደቀ ግራቪሊያ ወይም ማርጀቱን ተከትሎ የተቆረጠ ማንጎ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ይሆናል።

መደቡና ሐዲዶቹ

ልኬቱን በተግባር ለማየት 180 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ 60 ሴንቲሜትር የሚሰፋና 6 ሴንቲሜትር የሚወፍር ጣውላ እንውሰድ።

መደቡ 220 በ90 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለት ድርብ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) ወይም ፕላይውድ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሊነጠፍ ይችላል። ከሲሚንቶ ወለል ላይ መሥራትም ይቻላል፤ ወገብ ግን ይጎዳል። ዋናው ነገር መደቡ እንዳይነቃነቅ ነው። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ የተስተካከለ ሐዲድ እስከ ማታ ባለበት አይቆይም።

ሐዲድ ሊሆን የሚችለው ቀጥ ያለ፣ የማይጎብጥና ላዩ ለስላሳ የሆነ ማንኛውም ነገር ነው። በጠርዙ የቆመ የኤምዲኤፍ ቁራጭ፣ ቱቦላሬ፣ አንግል ብረት ወይም የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ያገለግላል። ጥሬ ጣውላ ግን አይመረጥም፤ ራሱ የሚጣመመውን ነገር መለኪያ ማድረግ ይሆናል።

በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከጣውላው ስፋት በእያንዳንዱ ጎን 5 ሴንቲሜትር ያህል ይበልጣል፤ ለምሳሌያችን 70 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ይህ ትርፍ ቢላው ከጣውላው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ቦታ ይሰጠዋል። ርዝመታቸው ከጣውላው በ40 ሴንቲሜትር ቢበልጥ፣ ማለትም 220 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ተንሸራታቹ የጣውላውን ሁለት ጫፎች አልፎ ሲሄድ ከሐዲዱ አይወድቅም።

ከፍታቸው የሚወሰነው በጣውላው ከፍተኛ ነጥብ ነው። 6 ሴንቲሜትር የሚወፍረው ጣውላ ጠማማ በመሆኑ አንዱ ማዕዘኑ ከመደቡ 6.6 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል፣ ሐዲዱ 7.5 ሴንቲሜትር ቢሆን በመካከል ወደ 9 ሚሊሜትር ይቀራል። ክፍተቱ ከዚህ ብዙ ከሰፋ ቢላው ረዝሞ መውጣት ይኖርበታል፤ ረዝሞ የወጣ ቢላ ደግሞ ይርገበገባል።

ሁለቱ ሲባጎዎች

ሐዲዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ውሃ ልክ ነው። ውሃ ልክ ግን እዚህ ወሳኝ አይደለም። ጠረጴዛው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቢሆንም፣ ሐዲዶቹ አብረው እኩል እስካዘነበሉ ድረስ ጣውላው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሚፈለገው ሁለቱ ሐዲዶች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ መዋላቸው ነው። ይህንንም ሁለት ክር ሲባጎ በትክክል ያሳያል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሐዲድ ለብቻው ይፈተሻል። ከአንድ ፕላይውድ ሦስት እኩል ቁራጮች ይቆረጣሉ። ሁለቱ በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ላይ ይቀመጡና በላያቸው ቀጭን የናይለን ሲባጎ በደንብ ይወጠራል። ሦስተኛው ቁራጭ በሲባጎው ሥር በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሲባጎውን ገፍቶ ካነሣው በዚያ ቦታ ሐዲዱ ጎብጧል፤ ከሲባጎው በታች ክፍተት ከታየ ደግሞ ሰርጉዷል። የሰረጎደው ቦታ ከሥሩ በካርቶን ወይም በላሜራ ቁራጭ ይደገፋል።

ቀጥሎ ሁለቱ ሐዲዶች እርስ በርሳቸው ይነጻጸራሉ። አንድ ሲባጎ ከግራው ሐዲድ የፊት ጫፍ ወደ ቀኙ ሐዲድ የኋላ ጫፍ፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይወጠራል። ሁለቱ በኤክስ ቅርጽ መሃል ላይ ይገናኛሉ። የላይኛው የታችኛውን ሳይጫነው ነክቶት ብቻ ካለፈ አራቱ ጫፎች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ክፍተት ከታየ፣ የላይኛው ሲባጎ የተወጠረባቸው ሁለት ማዕዘኖች ከሌሎቹ ሁለቱ ከፍ ብለዋል። የላይኛው የታችኛውን ተጭኖ ካጎበጠው ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሲባጎው የራሱ ውፍረት እንዳያሳስት የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ቀይሮ መድገም ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ሲነካኩ ከታየ ሐዲዶቹ በብሎን ይታሰራሉ። ከታሰሩ በኋላም ፍተሻው አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ብሎን ሲጠብቅ ሐዲድን ሊስብ ይችላል።

ተንሸራታቹ

ተንሸራታቹ ረጅም ገንዳ ይመስላል። ወለሉ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ ነው፤ በመሃሉ ርዝመቱን ይዞ ከቢላው ጥቂት የሚሰፋ ክፍተት አለው። ሁለቱ ግድግዳዎቹ በጠርዛቸው የቆሙ እንጨቶች ወይም አንግል ብረቶች ናቸው። በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከራውተሩ መቀመጫ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይበልጣል። ከዚያ ከሰፋ ራውተሩ ይዋልላል፤ ከጠበበ ደግሞ ይነክሳል።

ርዝመቱ እንዲህ ይሰላል። የቢላው ማዕከል ከጣውላው መሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን 32 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። የራውተሩ መቀመጫ 16 ሴንቲሜትር ከሰፋ ግማሹ 8 ይጨመራል። ስለዚህ ውስጡ ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር፣ ከጫፍ ማሰሪያዎቹ ጋር ደግሞ 95 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከወለሉ ሥር በሁለቱም ጫፍ የሚለጠፉ አጫጭር እንጨቶች የሐዲዱን ውጫዊ ጎን እየታከኩ ተንሸራታቹ ወደ ጎን እንዳይስት ይይዙታል። በገንዳው ውስጥ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ማገጃ ይደረጋል። ይህ ማገጃ ከተረሳ ቢላው ጣውላውን አልፎ ሐዲዱን ይበላል።

ትልቁ የተንሸራታች ችግር መርገብ ነው። ራውተሩ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ላይ የእጅ ጫና አለ። ከመሃል ሲጫን ተንሸራታቹ ከረገበ ጣውላው መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። የድልድይ መርገብ ደንብ እዚህም ይሠራል። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መርገቡ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የግድግዳው ቁመት እጥፍ ሲሆን ግን መርገቡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ወለሉን ከማወፈር ይልቅ ግድግዳውን ማስረዘም ያዋጣል። ለ70 ሴንቲሜትር ክፍተት ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚቆም ጠንካራ እንጨት ይበቃል። ወለሉ ከሐዲዱ ጋር የሚነካካበት ቦታ በሻማ ሰም ከታሸ ያለ ትግል ይንሸራተታል።

ራውተሩና ቢላው

ከ1,400 እስከ 2,200 ዋት ጉልበት ያለውና 12 ሚሊሜትር የቢላ ዘንግ የሚይዝ ራውተር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። 6 ሚሊሜትር ዘንግ የሚይዘው ትንሹ ራውተር አንድ ሚሊሜትር እየቀነሰ ሊሠራ ይችላል፤ ሥራው ይረዝማል፣ ማሽኑም ቶሎ ቶሎ ይግላል።

የሚመረጠው ቢላ ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ከ25 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚሰፋ ነው። ሰፊ ቢላ የመመላለሻውን ብዛት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ግን መቀነስ አለበት። የ50 ሚሊሜትር ቢላ በደቂቃ 12,000 ዙር ሲዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ24,000 ዙር ከ220 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ለእንዲህ ያለ ቢላ አደገኛ ነው። አምራቹ በቢላው ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ የጻፈው ከፍተኛ ዙር መታለፍ የለበትም።

ዘንጉ በራውተሩ አንገት ውስጥ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይገባል። እስከ መጨረሻው ከተገፋ በኋላ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ተስቦ ይጠብቃል፤ ከታች ከተደገፈ በሥራ ላይ ሊላላ ይችላል። ቢላ ሲገባና ሲወጣ ራውተሩ ከሶኬት የተነቀለ መሆን አለበት።

2,000 ዋት የሚስብ ራውተር በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ይወስዳል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። ከ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ፣ ለረጅም ርቀትም 2.5 የሆነ ገመድ ያስፈልጋል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት።

ጣውላውን ማስተኛት

ከመተኛቱ በፊት ጣውላው ይመረመራል። አሸዋና ጠጠር በብረት ብሩሽ ይጠረጋል፤ የቀረ ሚስማር በማግኔት ይፈለጋል። የላላ ልጥ ይነሣል፤ አለዚያ ቢላው ወርውሮ ያስፈነጥረዋል።

ማዕዘኖቹን ማመጣጠን ብዙ እንጨት የሚያተርፍ ትንሽ ሥራ ነው። የምሳሌያችን ጣውላ በመደቡ ላይ ሲተኛ ሦስቱ ማዕዘኖች መደቡን ነክተው አራተኛው 12 ሚሊሜትር ተንጠልጥሏል እንበል። ከተንጠለጠለው ሥር 12 ሚሊሜትር ሽብልቅ ተደርጎ እንዳለ ቢላግ፣ ከላይ በዚያ ማዕዘን 12 ሚሊሜትር ይነሣል፤ ተገልብጦም ከሌላው ወገን ተመሳሳይ መጠን ይነሣል። 60 ሚሊሜትር የነበረው ጣውላ 48 ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ለሁለት ሲካፈል ግን ሌላ ነው። ጣውላው በሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ እንዲያርፍ ይደረግና ከቀሩት ከሁለቱ ሥር እያንዳንዳቸው 6 ሚሊሜትር ሽብልቅ ይገባል። አሁን ከእያንዳንዱ ፊት የሚነሣው ከ6 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ጣውላውም 54 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል። የስድስት ሚሊሜትር ልዩነት የመጣው ሽብልቅ ከማዘዋወር ብቻ ነው።

ከሽብልቆቹ ሌላ መሃሉ ባዶ የሆነበት ቦታ ሁሉ ይደገፋል፤ ካልተደገፈ በራውተሩ ሥር ይረግብና ሲለቀቅ ተመልሶ ይነሣል። ሽብልቆቹ እንዳይንሸራተቱ በትኩስ ማጣበቂያ ይያዛሉ። ጣውላው ወደ ጎን እንዳይሄድ በዙሪያው እንጨቶች በመደቡ ላይ በብሎን ይመታሉ። ብሎኖቹና እንጨቶቹ ቢላው ከሚደርስበት ከፍታ በታች መሆናቸው ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል።

ከመጀመር በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በተለይ የሚጎዳው የአፍንጫን የውስጥ ክፍል ነው። ስለዚህ በአፍንጫና አፍ ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ ግዴታ ነው፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ሥራው ከቤት ውጭ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ቦታ ቢሠራ ይመረጣል። የራውተር ጩኸት ለጆሮ ጉዳት መነሻ ተብሎ ከሚወሰደው 85 ዴሲቤል በላይ ስለሚሆን የጆሮ መከላከያ፣ ለሚፈናጠር ቁራጭ ደግሞ የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። የተንጠለጠለ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሐብልና ያልታሰረ ረጅም ፀጉር ከቢላው መራቅ አለባቸው። ራውተሩ ከጠፋ በኋላ ቢላው ለጥቂት ሰከንዶች መዞሩን ስለሚቀጥል እስኪቆም ድረስ አይነሣም።

መላግ

በጣውላው ላይ በሙሉ በእርሳስ የተጠላለፈ መስመር ይሠመራል። ቢላው ካለፈ በኋላ መስመሩ የቀረበት ቦታ ገና ያልተነካ ዝቅተኛ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጥልቀት ከከፍተኛው ማዕዘን ይነሣል፤ ቢላው ያንን ነጥብ ከነካ በኋላ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በላይ ማንሣት ማሽኑን ያስጨንቃል፤ ገጹንም ይቦጫጭቃል።

ከላይ ሲታይ የራውተሩ ቢላ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ከዚህም የተነሣ ራውተሩ ሲገፋ ገና ያልተላገው እንጨት ከመሄጃው በስተግራ መሆን አለበት። ያኔ ቢላው ግፊቱን ይቃወማል፤ ሠራተኛውም ማሽኑን ይቆጣጠረዋል። በተቃራኒው ከሆነ ቢላው እንደ ጎማ እንጨቱን ይዞ ወደፊት ይሮጣል። ስለዚህ ራውተሩ እየላገ ይሄዳል፤ ሲመለስ በዚያው በተላገው መስመር በባዶ ይመለሳል፤ ከዚያ ተንሸራታቹ ጥቂት ወደ ጎን ይገፋል።

በ40 ሚሊሜትር ቢላ በየጊዜው 25 ሚሊሜትር መግፋት ይመከራል፤ ቀሪው 15 ሚሊሜትር ካለፈው መስመር ጋር ይደራረባል። 180 ሴንቲሜትር የሚረዝመው ጣውላ በዚህ ስሌት ለአንድ ዙር 72 ምልልስ ይጠይቃል። አንዱ ምልልስ 15 ሰከንድ ቢወስድ አንድ ዙር 18 ደቂቃ ነው። 6 ሚሊሜትር ለማንሣት በየፊቱ ሦስት ዙር፣ ለሁለቱም ፊት ስድስት ዙር፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሆናል። በመካከል ለመጥረግ፣ ለመለካትና ራውተሩን ለማቀዝቀዝ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመር ከሰዓት በኋላው በሙሉ ይሄዳል። ከሁለቱ ፊት የሚነሣው እንጨት 6.5 ሊትር ያህል ድፍን እንጨት ነው። ሰጋቱራ ሲሆን ግን በብዙ እጥፍ ስለሚያብጥ ለመሰብሰቢያው ማዳበሪያ ከረጢት አስቀድሞ ይዘጋጃል። በሐዲዱ ላይ የተቀመጠ ሰጋቱራ ተንሸራታቹን ስለሚያነሣው በየጥቂት ምልልሱ መጠረግ አለበት።

የመጨረሻው ዙር ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ ቢሆን፣ አቅጣጫውም ቢቀየር ጥሩ ነው። ራውተሩ በገንዳው ውስጥ በአንድ ቦታ ይታሰርና ተንሸራታቹ ራሱ በሐዲዱ ርዝመት ይገፋል። ያኔ ቢላው ከቃጫው ጋር ስለሚሄድ ገጹ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

መገልበጥ

የመጀመሪያው ፊት ሲያልቅ ሽብልቆቹ ይነሡና ጣውላው ይገለበጣል። አሁን የተላገው ፊት መደቡ ላይ ስለሚያርፍ ሁለተኛው ፊት ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ የሚሆነው መደቡ ራሱ ከሐዲዶቹ ጋር ትይዩ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ፣ ቢላው እስከ መደቡ የሚደርስ ከሆነ፣ ጣውላው ከመምጣቱ በፊት መደቡን በዚያው ራውተር አንድ ሚሊሜትር ያህል መላግ ነው። በመደቡ ላይ ጥቂት የኤምዲኤፍ ዘንጎችን በብሎን አስሮ የእነሱን ላይ ብቻ መላግም ያው ነው። በብሎኖቹ ላይ እንዳይደረስ ጭንቅላታቸው ወደ ውስጥ ጠልቆ ይታሰራል።

ሁለተኛው ፊት ሲላግ ጣውላው ስለሳሳ ቢላው ረዘም ብሎ መውጣት ይኖርበታል። በምሳሌያችን ጣውላው 54 ሚሊሜትር፣ ሐዲዱ 75 ሚሊሜትር፣ የተንሸራታቹ ወለል 12 ሚሊሜትር ስለሆነ ቢላው ከራውተሩ መቀመጫ 33 ሚሊሜትር መውረድ አለበት። የማይደርስ ከሆነ ከጣውላው ሥር እኩል ውፍረት ያለው ሰሌዳ ይነጠፋል። በማንኛውም ሁኔታ ዘንጉን ከአንገቱ ለማስረዘም ሲባል ማላላት አይገባም።

ከሁለቱም ፊት ተቀራራቢ መጠን ማንሣት ያስፈልጋል። የወፍራም ጣውላ ልብ ከገጹ ጥቂት የበለጠ እርጥበት ይይዛል። ከአንድ ወገን ብቻ ብዙ ከተነሣ ያ ወገን አዲስ አየር አግኝቶ ይደርቅና ጣውላው በጥቂት ቀናት እንደገና ይጎብጣል። ጠንቃቃ አናጺ ሁለቱንም ፊት ለጥቂት ሚሊሜትር ሳይጨርስ ይተውና ጣውላውን ለሁለት ሳምንት በጎኑ አቁሞ አየር ያስመታዋል። የመጨረሻውን ዙር የሚልገው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚቀሩ ምልክቶችና የመጨረሻ ሥራ

ከተላገ በኋላ በመስመሮቹ መካከል በጣት የሚዳሰስ ደረጃ ከቀረ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የራውተሩ ማዘንበል ነው። 40 ሚሊሜትር ቢላ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከአንዱ ጠርዙ እስከ ሌላው 0.35 ሚሊሜትር ልዩነት ያመጣል። ከራውተሩ መቀመጫ በአንዱ ወገን የወረቀት ቁራጭ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል። በየምልልሱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ጉድጓድ ከታየ ራውተሩ ሲገባና ሲወጣ እየተናጠ ነው። የጠቆረ ገጽ የደነዘ ቢላን ወይም ራውተሩ በአንድ ቦታ ላይ መቆየቱን ያሳያል።

ጥቃቅኖቹ ደረጃዎች በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋሉ። በቁጥር 80 ተጀምሮ በ120 ይቀጥላል፤ በ180 ይጠናቀቃል። ቁጥር ሳይዘሉ መሄድ ይገባል፤ በ80 የቀረ ጭረት በ180 አይወጣም፣ ዘይት ሲቀባም ፍንትው ብሎ ይታያል።

የዛፉን የተፈጥሮ ጠርዝ እንዳለ የሚተው ጠረጴዛ በዓለም የታወቀው በአብዛኛው በጃፓናዊ አሜሪካዊው የዕቃ ሠሪ ጆርጅ ናካሺማ ሥራዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1990 የኖረው ናካሺማ በፔንሲልቬንያ ኒው ሆፕ በነበረው ወርክሾፑ ስንጥቅ ያለበትን ጣውላ አይጥልም ነበር። ስንጥቁን አቋርጦ በቢራቢሮ ቅርጽ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ይቀብርና እንዳይሰፋ ይይዘው ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ቢራቢሮው ከጣውላው ውፍረት ሲሶ ያህል ገብቶ በማጣበቂያ ይያዛል።

ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሲቀባ የማይታየው የሥር ፊትም እኩል መቀባት አለበት። ያልተቀባው ወገን እርጥበት ፈጥኖ ስለሚስብና ስለሚለቅ ጣውላው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። እንጨት ከተላገ በኋላም ከአየሩ ጋር መስፋቱንና መጥበቡን አያቆምም፤ 60 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የጠረጴዛው እግሮች ሲገጠሙ እግሮቹን ከጣውላው ጋር በሚያያይዘው ብረት ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን በጣውላው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ ይደረጋል። ብሎኑም እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ በሚፈቅድ መጠን ይጠብቃል።